መልስ፦ የእ.ኤ.አ. 2008ቱ ባሮሎ (የጣሊያን ቀይ ወይን ጠጅ) ተበላሽቶ ይሆን?
ወንድሜ፣ ጠርሙሱን በብርሃን ስታየው ቀለሙ ሳስቶ ከታችም ዝቃጭ ይዞ ስላገኘኸው ተበላሽቷል ብለህ እንዳትደፋው! የባሮሎ ቀለም ሳስቶ ወደ ጡብ መልክ መሄዱ፣ ከታችም ዝቃጭ መያዙ የዕድሜ ምልክት እንጂ የብልሽት አይደለም። የሚሠራው በሰሜን ጣሊያን በፒየሞንቴ ክልል ከሚበቅለው ኔቢዮሎ ከተባለው የወይን ዘር ብቻ ነው፤ ከዚህ ዘር የሚሠራው ጠጅ ደግሞ ገና በወጣትነቱም ቀለሙ ስስ ነው፣ ታኒኑ (ከወይኑ ልጣጭ የሚወጣው ንጥረ ነገር) ግን አፍ ያደርቃል። በሕጉ መሠረት ለገበያ ሳይወጣ ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፤ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ከዚያ በኋላ ታኒኑና ቀለሙ ከዓመት ዓመት እየተያያዙ ይዘቅጣሉ፣ በብርሃን ያየኸው እሱን ነው።

ጠርሙሱን አንድ ቀን አቁመህ አስቀምጠውና ሳታናውጥ ቀስ ብለህ ቅዳ። (እኔ የመጀመሪያዬን ቸኩዬ ከፍቼ ግማሹን ዝቃጭ ጠጥቻለሁ።) የደረቀ ጽጌረዳ፣ ሬንጅና ቆዳ ከሸተተህ ዕድለኛ ነህ። እርጥብ ካርቶን ወይም ኮምጣጤ ከሸተተህ ግን አለቀለት።