መልስ፦ «ራን» መሮጥ ብቻ ነው እንዴ?

በእንግሊዝኛ «ማይ ኖዝ ኢዝ ራኒንግ» (My nose is running) ሲሉ አፍንጫዬ እየሮጠ ነው ማለት ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፤ ንፍጥ ነው ወንድሜ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሰውዬው ጉንፋን ይዞታል።

የእንግሊዝኛውን «ራን» (run) መሮጥ ብለህ ብቻ ከያዝከው ገና ብዙ ትደናገራለህ። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለግሡ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥረውለታል፣ ሁሉንም የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን አብዛኞቹን የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ፤ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነገር ነው። ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ፣ ሞተር ሲሠራ፣ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ሲሠራ፣ ሸሚዝ ታጥቦ ቀለሙ ሲለቅ ሁሉም «ራን» ነው። ድርጅት ማስተዳደርም፣ ለምርጫ መወዳደርም እንደዚያው።

ደግሞ ይሄ አይግረምህ። እኛም እኮ ራሴን በላኝ፣ ጉቦ በላ፣ ብሬን በላኝ፣ መኪናው ነዳጅ ይበላል እንላለን፤ አንዱም ላይ ጉርሻ የለም።

የሚያስቸግረው ከኋላው ትንሽ ቃል ሲለጠፍበት ነው። «ዊ ራን አውት ኦፍ ሹገር» ቢሉህ ስኳር ይዞ የሮጠ ሰው የለም፣ ስኳር አልቋል ነው። ስለዚህ ከነጭራው ሸምድደው። በተለይ «ራን ኢንቱ» እና «ራን ኦቨር»ን እንዳታምታታ። አንዴ አስተማሪዬን መንገድ ላይ ድንገት አገኘኋት ለማለት ፈልጌ «አይ ራን ኦቨር ማይ ቲቸር» ብዬ ክፍሉ ሁሉ ደነገጠ፤ በመኪና ገጨኋት ማለቴ ነበር ለካ!