የሳንባ ውሃ በመርፌ መቀዳቱ ይገድላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። አባቴ 62 ዓመታቸው ነው። ከወር በላይ ያስላቸዋል፣ ቀኝ ጎናቸውን ይወጋቸዋል፣ ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ደብረ ብርሃን ወስደን ራጅ ሲነሡ «ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል፤ በመርፌ መቀዳት አለበት» ተባልን። ጎረቤት ግን «ውሃው የተቀዳለት ሰው አይተርፍም» ብሎ አስፈራቸው። እምቢ ብለው ቤት ተቀምጠዋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎ። አባትዎን ይዘው ይመለሱ፤ ነገ ዛሬ አይበሉ።

ጎረቤቶቹ በክፋት አይደለም የተናገሩት። ውሃ ተቀድቶለት የሞተ ሰው አይተው ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚገድለው ውሃውን ያመጣው በሽታ ነው እንጂ መርፌው አይደለም። ብዙ ሰው ደግሞ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ውሃው ያለው ሳንባውን በሸፈኑ ሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ነው። ሲበዛ ሳንባውን ይጫነዋል። መቀዳቱ ትንፋሽ ያቀላል። ከዚያ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ምክንያቱን መናገሩ ነው። በአገራችን ውሃው በአንድ ጎን ብቻ ሲሆን ቶሎ የምንጠረጥረው ቲቢን ነው። ካንሰር ወይም የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ ካልተመረመረ ሕክምናው ግምት ይሆናል። ቲቢ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የ6 ወር መድኃኒት ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል።

ሁሉም ውሃ ይቀዳል ማለት ግን አይደለም። በልብ ድካም ምክንያት በሁለቱም ጎን የተቋጠረ ከሆነ መጀመሪያ የሚሰጠው የሚያሸና መድኃኒት ነው።

አባትዎ ወደ ፊት ደገፍ ብለው ይቀመጣሉ። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል። መቅጃው መርፌ ከጎድን አጥንቱ በላይ ይገባል፤ ደም ሥሩ የሚያልፈው ከአጥንቱ ሥር ነውና። አንዱ ስጋት ሳንባው ተነክቶ አየር መውጣቱ ነው። በአልትራሳውንድ ታይቶ ሲቀዳ ይህ አደጋ እንደሚቀንስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ «በአልትራሳውንድ እያያችሁ ነው ወይ የምትቀዱት?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም፤ እኔ ለአባቴ ብሆን እጠይቃለሁ።

በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር በላይ ባይቀዳ ይመረጣል። ተጨቁኖ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲከፈት ሊያብጥ ይችላል። እየተቀዳ ደረታቸውን ካጨነቃቸው ወይም ሳሉ ከበረታ ወዲያው ይናገሩ፤ ይቆማል። ምግብ ሳይበሉ መሄድ አያስፈልግም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ አስቀድመው ይንገሩ።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥርም አያስደንግጣችሁ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ጤነኛው ሰው እንኳ ቆላ ከሆነው ከሸዋ ሮቢት ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ሐኪሙ ይህን አስቦ ነው የሚያነበው።

ተቀድቶላቸው ቤት ከገቡ በኋላ ትንፋሻቸው በድንገት ከባሰ ወይም ጎናቸውን አዲስ ውጋት ከያዛቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።