የስታር ትሬክን ምርጥ 10 ክፍሎች ለመምረጥ አዳራሽ ለምትፈልጊው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ በክፉ አይደለም። "ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን የሚባለውን የአሜሪካ የጠፈር ተከታታይ ፊልም የምንወድ ልጆች ተሰባስበን ምርጥ 10 ክፍሎቹን በድምፅ መምረጥ እንፈልጋለን። አራት ኪሎ ወይ ፒያሳ አካባቢ አዳራሽ የት ይገኛል? ድምፁንስ እንዴት ብንቆጥር ይሻላል?" ነው ያልሽው። እኛ ይሄንኑ አድርገነዋል፣ እዚያው ሰፈር። ስለዚህ ፕሮጀክተር እንዴት እንደሚገጠም፣ ሳብታይትል ከየት እንደሚወርድ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። የሚያቃጥለውን ብቻ ልንገርሽ።

1. አዳራሽ አትፈልጉ።

ከሁሉም በላይ ይሄን ያዢልኝ። እኛ አንድ አዳራሽ አገኘን። ስሙን አልጠራም፤ ከአራት ኪሎ አደባባይ በእግር የሚደረስ ነው፣ ይበቃል። ኪራዩ የሚቻል ነበር። የተቀበለን ሰውዬ ቅድሚያ ክፍያውን ኪሱ ከተተና "እሁድ ኑ" አለን። እኛም ፕሮጀክተር ተከራየን፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት አሳተምን። አንዷ ልጅ ከብስኩት ካርቶን ኮሮጆ ሠራች። ከላይ ወረቀት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ በጎኑ ደግሞ በማርከር የተሣለች ኢንተርፕራይዝ፣ የፊልሙ የጠፈር መርከብ። በጣም ታምር ነበር።

እሁድ ስንደርስ በሩ ላይ የቆመው ሌላ ሰው ነው። ኃላፊ ነኝ አለ። ካርቶኑን አየ፣ ቀዳዳውን አየ፣ ከወረቀቶቹ አንዱን አንሥቶ አነበበ።

"ምርጫ ነው የምታካሂዱት?"

"አዎ፣ የፊልም..."

"ማን ፈቀደላችሁ? ይሄ ዳርሞክ የሚባለው ማነው?"

"ክፍል ነው።"

"የየትኛው መሥሪያ ቤት ክፍል?"

አንዳንዶቻችን መሳቅ ጀመርን። መሳቁ ነገሩን አባሰው። "ደብዳቤ አምጡ፣ ማህተም ያለው" አለ። ከየት ስንለው "ከሚመለከተው አካል"። የሚመለከተው አካል ማነው ስንል "እሱን እናንተ ታውቃላችሁ"። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ቀረብ ብለው "ልጄ፣ የጠፈር ፊልም ነው፣ ምንም ፖለቲካ የለውም" አሉት። "አባት፣ እርስዎ እንኳ በዚህ ዕድሜዎ ከልጆች ጋር!" ብሎ መለሰላቸው። ደሜ የፈላው እዚያ ላይ ነው። ፈቃድ ይከልክል፤ ሥራው ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ማዋረድ ግን የየትኛው መመሪያ አንቀጽ ነው?

ብራችንን ስንጠይቅ "ደረሰኝ አላችሁ?" ተባልን። የተቀበለን ሰውዬ ስልኩ ዝግ ነው። እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ስለዚህ የግድ አዳራሽ ካላችሁ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡ፤ ኮሮጆ የሚመስል ነገርም በበር ይዛችሁ እንዳታልፉ።

ካፌ ይሻላል። እኛ ያን ቀን ካርቶናችንን ተሸክመን ወደ ፒያሳ ወጣን። አንዲት ባለ ካፌ ቴሌቪዥኗን ለቀቀችልን። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ማኪያቶ እየደጋገማችሁ እዘዙ፣ ኳስ ሲጀምር ትለቃላችሁ። አድራሻውን ብነግርሽ አይጠቅምሽም፤ ቤቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። እንዲህ ያለ ባለ ካፌ ግን አሁንም አይጠፋም። የእሁዱን የፕሪሚየር ሊግ ፕሮግራም አይታችሁ ሂዱ እንጂ ችግር የለውም።

2. የክፍል ቁጥር አትመኑ፣ ስሙን ጻፉ።

ሁላችሁም ከአንድ ሱቅ ካላስጫናችሁ በስተቀር ቁጥራችሁ አይገጥምም። ተከታታዩ ከ1987 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ለሰባት ሲዝን ሲተላለፍ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክፍል የሁለት ሰዓት ነበሩ። በኋላ ሲደገሙ ለሁለት ተከፈሉ። ስለዚህ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ 176፣ ሌላው ላይ 178 ክፍል ታገኛለሽ። በሲዝን 1 ውስጥ ሁሉም ቁጥር በአንድ ይንሸራተታል። አንዱ ልጅ ቁጥር ብቻ ጽፎ፣ ሳያውቅ ለማይወደው ክፍል ድምፅ ሰጥቶ ነበር። "ይሄን ማን መረጠው?" ብለን ስንስቅ እሱም አብሮን ይስቅ ነበር።

3. ሁለት ክፍል የሆኑትን ታሪኮች እንደ አንድ ቁጠሩ። ሁሉንም።

"ዘ ቤስት ኦፍ ቦዝ ወርልድስ" ላይ ትጣላላችሁ። የመጀመሪያው ግማሽ የሲዝን 3 መዝጊያ ነው፣ ሁለተኛው የሲዝን 4 መክፈቻ። አሜሪካኖቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ከሰኔ እስከ መስከረም ጠብቀዋል። አንዳንዱ "ግማሹ ብቻ ነው ምርጥ" ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን አንዴ ከከፈላችሁ እንደሱ ባለ ሁለት ክፍል የሆነውን "ቼይን ኦፍ ኮማንድ"ንም ልትከፍሉ ነው፣ ዝርዝሩ በግማሽ ታሪክ ይሞላል። ደግሞ ይሄን ክፍል አይቶ ለማያውቅ ሰው አስቀድማችሁ ምንም አትንገሩት። የመርከቧ ካፒቴን ፒካርድ ቦርግ በሚባሉት ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን ጠላቶች ተይዞ፣ ምክትሉ ራይከር የራሱ አለቃ ያለበት መርከብ ላይ "ተኩስ" ብሎ ሲያዝ ስክሪኑ ጠቆረ። ከጥግ የተቀመጡ የካፌው ደንበኞች ሳይቀሩ "ውይ! መብራት ሄደ!" ብለው ጮኹ። የቡና ማሽኑ እየሠራ ነው እኮ። ክፍሉ እዚያ ላይ እንደሚያልቅ ማስረዳት ነበረብን። አንዱ ደንበኛ እኛ አውቀን ያጠፋነው መስሎት ተቆጣ።

4. አቆጣጠሩን ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ተስማሙበት፤ በኋላ አይሆንም።

እኛ ቀላሉን ወሰድን። አንደኛ ለወጣ 10 ነጥብ፣ ሁለተኛ 9፣ እንዲህ እያለ እስከ 1። ስንደምር "ዘ ኢነር ላይት" አሸነፈ። ችግሩ ምን መሰለሽ? አንደኛ ብሎ የጻፈው ሰው ጥቂት ነበር። በአንደኝነት ብዙ ድምፅ ያገኘው "ዘ ቤስት ኦፍ ቦዝ ወርልድስ" ነው፤ ቀሪው ሰው ግን ወደ ታች ወርውሮታል። "ዘ ኢነር ላይት" በአብዛኛው ወረቀት ላይ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ አለ። የቦርግ ደጋፊዎች "ማንም አንደኛ ያላለው እንዴት አንደኛ ይሆናል?" ብለው ተነሡ። እውነት ለመናገር ከመካከላቸው ተንኮል የሠሩም ነበሩ። ተፎካካሪውን ለመጣል ብለው "ዘ ኢነር ላይት"ን አሥረኛ ያደረጉ! በ1993 እ.ኤ.አ. ሁጎ የሚባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ያገኘን ክፍል አሥረኛ! ፒካርድ ለ25 ደቂቃ ያህል ራሱን ስቶ፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ በጠፋች ፕላኔት ላይ 40 ዓመት ገደማ ኖሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ የሚነቃበትን። ልጁ ሆኖ የሚጫወተው የተዋናዩ የፓትሪክ ስቱዋርት የገዛ ልጅ ነው። ይሄን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ሰው ወዲያው ድምፁን ልቀይር አለ። አይቻልም አልን።

ፀቡን የፈታው የእኔ ሐሳብ ነው፣ እስከ ዛሬ ማንም አላመሰገነኝም። ሁለት ሁለቱን አጋጥሙ። ወረቀቶቹን ይዛችሁ "ከዚህና ከዚያ የትኛውን ብዙ ሰው ከላይ አስቀመጠው?" ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ኳስ ውድድር ነው። ሁሉንም አንድ ባንድ የሚረታ ክፍል ካለ እሱ አሸናፊ ነው፤ ነጥብ የለ፣ ድምር የለ። "ዘ ኢነር ላይት" በዚህም አሸነፈ። የቦርግ ደጋፊዎች ዝም አሉ። ጊዜ ይፈጃል፤ ወረቀት የሚያነብ አንድ ሰው፣ የሚጽፍ ሌላ ሰው መድቡ። የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ይሄን አይሠራልሽም። ደረጃ አይቀበልም፣ ምርጫ ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ክርክሩን ግን አታሳጥሩት፤ የመጣችሁት ለእሱ ነው። "ዳርሞክ" ላይ ጋሼ ብቻቸውን ቆሙ። ታማሪያኖቹ በጥንት ታሪካቸው እየጠቀሱ ብቻ የሚያወሩ ሕዝብ ናቸው፤ የመርከቧ ማሽን ቃላቱን ይተረጉማል፣ ፒካርድ ግን ምንም አይገባውም። "እሺ" አሉ ጋሼ፣ "በተረት ብቻ የሚያወራ ሕዝብ የጠፈር መርከብ እንዴት ሠራ? ያንን ብሎን አጥብቀው የሚለው በምን ተረት ነው?" መካኒክ የሆነው ልጅ "ጋሼ፣ ጋራዥ ገብተው አያውቁም? 'ያንን ነገር አምጣ፣ እዚያ ነገር ላይ አድርገው' እየተባለ አይደል ሞተር የሚወርደው?" አላቸው። ሳቁ፤ ድምፃቸውን ግን አልሰጡም።

"ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን" ደግሞ ጠበቃ የሆነችውን ጓደኛችንን አናደዳት። ዴታ የሚባለው ሰው መሳይ ሮቦት ሰው ነው ወይስ የስታርፍሊት (የመርከቧ ባለቤት የሆነው የጠፈር ጦር) ንብረት ተብሎ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ነው። ጉዳዩን የምትዳኘዋ መኮንን ራይከርን አስገድዳ በገዛ ጓደኛው ላይ ተከራካሪ ታደርገዋለች። "ይሄ ግልጽ የጥቅም ግጭት ነው፣ በይግባኝ በአንድ ቀን ይሻራል" አለች። ደራሲዋ ሜሊንዳ ስኖድግራስ ራሷ ጠበቃ እንደነበረች ስነግራት "ታዲያ ይግባኙ የታለ?" አለችኝ። ቢሆንም ሁለተኛ አድርጋ መርጣዋለች። ራይከር የዴታን ማጥፊያ ሲጫን ካፌው ውስጥ ማንኪያ እንኳ አልተሰማም።

5. አዲስ ሰው ካላችሁ በሲዝን 1 አታስጀምሩት። በተለይ "ኮድ ኦፍ ኦነር"ን ደብቁለት። ጥቁሮች ብቻ የሚኖሩባት ፕላኔት፣ ሴት ጠላፊ አለቃ፣ ሌላውን ገምቺው። ተዋንያኑ ራሳቸው ነቅፈውታል። እኛ ለሳቅ ብለን ከፍተነው ማንም አልሳቀም። የሲዝን 2 መዝጊያ "ሼድስ ኦፍ ግሬይ"ም አለ፤ በጀት አልቆባቸው አሮጌ ትዕይንት ቀጣጥለው የሠሩት። እሱን ለመጨረሻነት ውድድር አቆዩት፣ ያለ ተቀናቃኝ ያሸንፋል። አዲሱን ሰው በ"የስተርደይስ ኢንተርፕራይዝ" ጀምሩለት የሚል አለ። እኔ አልስማማም፤ ቀደም ብላ የሞተችውን መኮንን ታሻ ያርን የማያውቅ ሰው መመለሷ ምኑ ነው? በ"ሜዠር" ጀምሩለት። በዕድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ መግቢያው "ሩትስ" በሚባለው ተከታታይ ላይ ኩንታ ኪንቴን የተጫወተው ሌቫር በርተን ነው። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ያዩት በዚህ ነው፤ "ኩንታ ኪንቴ! መነጽር አድርጎ የመርከብ መሐንዲስ ሆነ?" ብለው ወንበር ሳቡ፣ ከዚያ ወዲያ ቀርተው አያውቁም።

የእኛ ዝርዝር ይኸው፦ ዘ ኢነር ላይት፣ ዘ ቤስት ኦፍ ቦዝ ወርልድስ፣ ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን፣ ዳርሞክ፣ የስተርደይስ ኢንተርፕራይዝ፣ ቼይን ኦፍ ኮማንድ፣ ኦል ጉድ ቲንግስ። ከስምንት እስከ አሥር ያሉትን አልጽፍም፤ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ያን ቀን የነበሩ ሰዎች አሉ፣ እንደገና ይጀምሩኛል። የእናንተ ሲያልቅ ውጤቱን እዚሁ ለጥፊልን። "ዳርሞክ"ን ከአምስት በታች ካወረዳችሁት ግን ለእኔ ሳይሆን ለጋሼ ላኪላቸው፣ ደስ ይላቸዋል።