ሐራራው ሲመጣ፦ ስለ ሱረት የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ሱረት፣ ማለትም ከከንፈር ሥር ስለሚያዝ ወይም በአፍንጫ ስለሚሳብ የትምባሆ ዱቄት፣ የሚጠይቁ ናቸው። ሲጋራ ለሚያቆም ሰው የሚሰጠው ምክር ሱረት ለሚያቆም ሰው እንዳለ አይሠራም። ስለዚህ ልዩነቱ ባለበት ቦታ ረዘም አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ባቲ ነው። ሱረት ከከንፈሬ ሥር መያዝ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳልነካው እውላለሁ። መግሪብ ሲገባ ግን ከቴምሩ ቀጥሎ እጄ የሚሄደው ወደ ብልቃጡ ነው። ቀኑን ከቻልኩ ማታውን ምነው አቃተኝ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሱሱን የሚያስይዘው የትምባሆ ንጥረ ነገር፣ ኒኮቲን፣ በደም ውስጥ በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከሱሑር እስከ መግሪብ ባለው 13 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከሌሊቱ የቀረህ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መነጫነጩ፣ የሐሳቡ መበተን፣ የእንቅልፉ መረበሽ የሚበረቱት ግን በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። አንተ ገና የመጀመሪያው ቀን ሳይሞላ መልሰህ ትሞላዋለህ። 30 ቀን ጾመህ 30 ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን ኖረሃል፤ 3ኛውን ቀን ግን አንድ ጊዜም አላየኸውም። ጉልበት አንሶህ አይደለም፣ ከባዱን ሰዓት በየቀኑ ከፍለህ ወደ ቀላሉ ሳትሻገር ስለምትመለስ ነው።

የሚያስፈልግህ 3 ሌሊት ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ከመጀመርህ በፊት ብልቃጡን ብቻ ሳይሆን የጃኬቱን ኪስ፣ የመኪናውን መሳቢያ፣ ፍራሹ ሥር ያለውንም አራግፍ። “ለክፉ ቀን” ተብሎ የተቀመጠ ቁንጥር ክፉ ቀኑን ራሱ ይጠራዋል። በቴምሩና በውሃው አፍጥር፣ ሾርባውን ጠጣ፣ ከዚያ ሳትቀመጥ አፍህን ተጉመጥመጥና የወይራ መፋቂያ ያዝ። እጅህም ድድህም የለመዱትን ቦታ ባዶ ስታገኘው ነው የምትሸነፈው፤ መፋቂያው ሁለቱንም ሥራ ይሰጣቸዋል። ለአፍ የሽምብራ ቆሎም ጥሩ ነው። ቅርንፉድ ግን ድድህ ላይ አታሳድር፣ ያቃጥላል፤ ሱረቱ ያቆሰለው ቦታ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ሐራራ ከፍ ይልና ይወርዳል። አንዱ ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ሰዓትህን እይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ በትንሹ ተጎንጭ፣ ከተቀመጥክበት ተነስተህ ውጣ። ከ1 ሳምንት በኋላ ማዕበሎቹ ይራራቃሉ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የሰውነቱ ጥያቄ ይረግባል። የልማዱ ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላም የሚቀሰቀስበት ቦታ አለ፤ ለብዙ ሰው ገበያና በርጫ ናቸው። የባቲ ሰኞ ገበያ ለአንተ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ማቆሚያህን ማክሰኞ ብታደርገው 6 ቀን ታተርፋለህ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይደርቃል፤ ኒኮቲን አንጀትን ያንቀሳቅስ ነበርና። ውሃና ጎመን አብዛ። አፍ ውስጥ ትንንሽ ቁስሎች የሚወጡበት ሰውም አለ፤ ያልፋሉ፣ “ሱረቱ መድኃኒቴ ነበር” ብለህ አትመለስ።

በአንድ ጊዜ መተው ከከበደህ ቀንስ፣ ግን ቆጥረህ ቀንስ። በመጀመሪያ 3 ቀን የምትወስደውን እያንዳንዱን ቁንጥር ጻፍ። በቀን 12 ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት 9፣ ቀጥሎ 6፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ ባዶ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። ቁጥሩ እየቀነሰ ቁንጥሩ ካበጠ ወይም ቀድሞ 20 ደቂቃ ትይዘው የነበረውን 1 ሰዓት ከያዝከው ምንም አልቀነስክም። ሁለተኛው ሻጭ መቀየር ነው። ሱረት ውስጥ የሚገባው አመድ ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ ቶሎ እንዲሻገር ያደርጋል፤ አመዱ የበዛበት ሱረት በዚያው ቁንጥር ይበልጥ ሊይዝህ ይችላል። እየቀነስክ ሳለህ ከአንድ እጅ ብቻ ግዛ።

ጥያቄ፦ ከደሴ። የኒኮቲን ማስቲካ ገዝቼ ነበር፤ አፌን አቃጠለኝ፣ ሆዴን አሳመመኝ፣ ሐራራውም አልበረደም። ገንዘቤን ነው ያቃጠልኩት?

መልስ፦ እንደ ተራ ማስቲካ አኝከኸው ይሆናል። ማስቲካው ኒኮቲኑን የሚሰጠው በጉንጭ ቆዳ በኩል ነው። በፍጥነት ሲታኘክ ኒኮቲኑ በምራቅ ወደ ሆድ ይወርዳል፣ ከዚያም ማቃጠል፣ ስቅታና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ቀስ ብለህ አኝክ፤ ምላስህን ሲቆነጥጥህ ወይም ቅመም ሲል አቁምና በጉንጭህና በድድህ መካከል አሳርፈው። መቆንጠጡ ሲጠፋ ጥቂት ጊዜ አኝክ፣ ወደ ሌላው ጉንጭ አዙረው። አንዱ 30 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

ሁለተኛው ችግር ቡና ነው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ቡና አንድ ስኒ አይደለም። ቡና፣ ለስላሳ መጠጥና የብርቱካን ጭማቂ አፍን አሲዳማ ያደርጉታል፣ ኒኮቲኑም አይሻገርም። ማስቲካው ከመታኘኩ 15 ደቂቃ በፊትና በአፍ እያለ ከውሃ በስተቀር ምንም አይጠጣ። ከአቦል እስከ በረካ በአፍህ ይዘኸው ከተቀመጥክ በእርግጥ ገንዘብህን አቃጥለሃል። በረካው ካለቀ ሩብ ሰዓት በኋላ ጀምር።

መጠኑ 2 እና 4 ሚሊግራም አለ። ከእንቅልፍህ በተነሳህ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሱረት የምትወስድ ከነበርክ 4ቱ ነው የሚሻልህ። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ አንድ፣ ከዚያ እያራራቅክ በ12ኛው ሳምንት ጨርስ፤ በቀን ከ24 አይለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለማይጨስ ትምባሆ የኒኮቲን ምትክ ወይም ቫሬኒክሊን የተባለውን ክኒን ከምክር ጋር አካቷል። ክኒኑ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ማስቲካውንም ቢሆን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

ጥያቄ፦ እናቴ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ገጠር ነው ያሉት፣ ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። ሱረት በአፍንጫ ይስባሉ። ብልቃጡን ብንደብቅባቸው ተቆጡ፤ “አፍንጫዬ ይደፈናል” ይላሉ።

መልስ፦ እህታችን፣ ብልቃጡን መልሺላቸው። ተደብቆ የሚቆም ሱስ ጎረቤት ሄዶ ይቀጥላል፤ እናትሽም ከዚያ በኋላ እውነቱን አይነግሩሽም።

ስለ አፍንጫው የሚሉት ግን እውነት አለበት። ለዓመታት በዱቄት የተቆጣ አፍንጫ ሱረቱ ሲቀር ይደርቃል፣ ይበላል፣ የተደፈነም ይመስላል። ሱረቱን የሚፈልጉት ለስካሩ ሳይሆን ለማስነጠሱ ሊሆን ይችላል። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ጨው ጨምሪበት፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ በመዳፋቸው ቀስ ብለው ያስገቡና ያውጡት። ያልፈላ ውሃ አይሁን፣ በየቀኑም አዲስ ይሠራ። ሱረት የሚስቡበትን ሰዓት ራሳቸው መርጠው አንዱን አንዱን ይተዉ፤ ምርጫውን ለእሳቸው ተዪው። ኒኮቲን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና በቀጣዩ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ግፊታቸው ይለካ። ሱረት እንደሚስቡ ለባለሙያው ሳይሸማቀቁ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከወልዲያ። ሱረት የማኖርበት የታችኛው ድዴ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል፣ አያመኝም። ልተወው?

መልስ፦ አለማመሙ አያዘናጋህ። ሱረቱን ዛሬ አቁም። በ2 ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ወይም ከነጭ ወደ ቀይ ካለ፣ ካበጠ፣ ካደማ የጥርስ ሐኪም ይየው። ከነጩ ነገር ጋር የማይድን ቁስል ወይም አንገት ላይ እጢ ካለ 2 ሳምንቱንም አትጠብቅ። የማይጨስ ትምባሆ የአፍ፣ የምግብ መውረጃ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ። ሱረቱን በሲጋራ ብቀይረውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሱሱ ያው ሆኖ ሳንባህን ትጨምርበታለህ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። 2 ወር ከቆየሁ በኋላ ለቅሶ ቤት አንድ ቁንጥር ተቀበልኩ። ከዜሮ ልጀምር?

መልስ፦ 2 ወሩ አልጠፋም። አንድ ቁንጥር ሰውነትህን ወደ ቀድሞው ሱስ አይመልሰውም፤ የሚመልስህ “አንዴ ተበላሽቷል” ብለህ የምትወስደው ሁለተኛው ነው። አፍህን ታጥበህ ለቀጣዩ ለቅሶ ተዘጋጅ፦ ብልቃጥ ከሚያዞሩት ሰዎች ርቀህ ተቀመጥ፣ ሲዘረጋልህ የምትለውን አንድ ቃል አስቀድመህ ያዝ። “ድዴ ታሟል” የሚለውን ማንም አይከራከርም። ማስቲካ አቁመህ ከነበረ ለአንድ ሳምንት ኪስህ ይግባ።