ከሰን ዣን እስከ ሳንቲያጎ በእግር፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ከፈረንሳይዋ ሰን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቼ የፒሬኔን ተራራ መውጣት ጀመርኩ። ገና አንድ ሰዓት ሳልሄድ ዝናቡ መጣ። አገር ቤት ቢሆን ልጆች "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያሉ የሚራጩበት ዝናብ ነው። አጠገቤ የነበሩት ተጓዦች የዝናብ ልብሳቸውን ለመልበስ ሲጣደፉ እኔ ፊቴን ወደ ላይ አቅንቼ ቀጠልኩ። ከወር በኋላ፣ ካሚኖ የሚባለውን የተሳላሚዎች መንገድ ይዤ፣ የሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር አለበት የሚባለው ካቴድራል ወዳለባት የስፔን ከተማ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ገባሁ። መንገዱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁሉንም በእግሬ አልሄድኩትም፣ እሱን ከታች እናገራለሁ። በኋላ ደግሞ ከፖርቹጋሏ ፖርቶ የሚነሣውን አጭሩን ሄጃለሁ። ነዋሪነቴ ፍራንክፈርት ነው፤ ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል፤ ስፖርተኛ ሆኜ አላውቅም። "ልሄድ አስባለሁ ግን ከየት ልጀምር" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ጥያቄዎቹን እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ከዋሽንግተን፦ እህቴ፣ ያለኝ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ነው። ይቅርብኝ?

ለምን ይቀርብሻል! ኮምፖስቴላ የሚባለውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት የሚጠየቀው የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ነው፤ በብስክሌት ከሆነ 200። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከሳሪያ የሚጀምረው፤ ከዚያ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ስድስት ቀን ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ሳሪያን አልመርጥልሽም። ከዚያ በኋላ መንገዱ የገበያ ቀን ይመስላል። ሁለት ሳምንት ካለሽ ከፖርቶ ተነሺ፤ በመሃል አገር የሚያልፈው መንገድ በ12 ቀን አካባቢ ያደርስሻል። ቀኑ ካጠረብሽ ከድንበሯ ከተማ ከቱይ ጀምሪ፤ እሱም ከ100 በላይ ነው።

ዓመቱንም አስቢበት። የቅዱስ ያዕቆብ በዓል (በፈረንጅ ሐምሌ 25) እሑድ ሲውል ቅዱስ ዓመት ይባላል፤ የካቴድራሉ ቅዱስ በር ይከፈታል፣ ሕዝቡም ይጎርፋል። በፈረንጅ የ2021ዱ በኮሮና ምክንያት እስከ 2022 መጨረሻ ስለተራዘመ እኔ ደርሼበታለሁ። ቀጣዩ 2027 ነው። በሩን መሳለም የምትፈልጊ ከሆነ ያኔ፤ ጸጥታ የምትፈልጊ ከሆነ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ።

ከአዲስ አበባ፦ 33ቱን ቀን በሰንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ፤ የት እንደማድር፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምሄድ። ታይልኛለሽ?

አየሁልህ። ሥራህ ንጹሕ ነው፤ ግን አትከተለው። እኔም እንዳንተ ያለ ወረቀት ይዤ ነበር። ሰንጠረዡ የማያውቀው ነገር ጉልበትህ በስምንተኛው ቀን ምን እንደሚል ነው። መነሻህንና መድረሻህን ያዝ፦ ሰን ዣን የምታድርበትን፣ ተራራው ላይ ወይም ከተራራው ማዶ ሮንሴስቫዬስ የምታድርበትን፣ የመመለሻ በረራህን። መሃሉን ክፍት ተወው፤ በላዩ ላይ ቢያንስ አራት ትርፍ ቀን ጨምር። መንገድ ላይ ካየኋቸው ሰዎች ብዙ የተጎዱት ደካሞቹ አልነበሩም፤ "ዛሬ እዚያ ካልደረስኩ" የሚሉት ነበሩ።

መንገዱ እንደሆነ አይጠፋህም። በመንገዱ ላይ ያለችው የኦ ሴብሬሮ መንደር ቄስ የነበሩት ኤሊያስ ቫሊኛ በፈረንጅ 1984 በቢጫ ቀለም ቀስት መሣል የጀመሩት፣ ዛሬ በየግድግዳውና በየድንጋዩ ላይ አለ። ቀስቱን ካላየህ ወደኋላ ተመለስ፣ ወደፊት አትገምት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በናፖሊዮን ስም የሚጠራው የተራራው መንገድ ከኅዳር መባቻ እስከ መጋቢት መጨረሻ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ዝግ ነው። በዚያ ወቅት በቫልካርሎስ ሸለቆ ነው የሚታለፈው። ይህ ሕግ የመጣው በሰው ሕይወት ነው፤ አትከራከረው።

ከሪያድ፦ በኢቃማ (በሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) ነው የምኖረው። ቪዛው እንዴት ነው?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኢቃማም ሆነ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ቢኖረው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የምታመለክቺው በሕጋዊነት በምትኖሪበት አገር ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ መመለስ የለብሽም። ሰን ዣን ፈረንሳይ መሆኗ አያሳስብሽ፤ አብዛኛውን ቀን የምታሳልፊው ስፔን ስለሆነ ለስፔን ታመለክቻለሽ። ከጉዞው ስድስት ወር ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው፣ ግን እስከዚያ አትቆዪ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ግዴታ ነው።

ችግሩ ኤምባሲ የማደሪያ ማስረጃ ይፈልጋል፣ የእግር ተጓዥ ደግሞ ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም። ለእህቴ ልጅ ያደረግነው የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ሊሰረዝ በሚችል መንገድ ይዘን፣ የመሃሉን በቀን በቀን የሚያስረዳ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ያ ቅድም ያልኩት ሰንጠረዥ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለኤምባሲው ስጡት፣ እናንተ ግን እርሱት። ከአዲስ አበባ ለሚነሡ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማድሪድ ይበራል፤ ከዚያ ባቡር ወደ ፓምፕሎና አለ።

ከለንደን፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የካቶሊክ መንገድ አይደለም ወይ? ነፍስ አባቴ ምን ይሉኛል?

ይህን ከእኔ ይልቅ ራሳቸው ይመልሱልህ፤ እኔም ሳልሄድ የጠየቅኩት ነፍስ አባቴን ነው። የነገሩኝን ልንገርህ፦ "ሐዋርያው የሁላችንም ነው፤ ተሳለሚ፣ ቁርባኑን ግን ተዪ" አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስን እኛም ሚያዝያ 17 እናስበዋለን፤ ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው የዮሐንስ ወንድም ነው። ማታ ማታ በየመንደሩ በሚደረገው የተጓዦች ጸሎት ላይ ከኋላ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር። የከለከለኝ አልነበረም።

በባሕር ማዶ ቅዱሳት መካናትን መሳለምም ለእኛ አዲስ አይደለም። ኢየሩሳሌም ዴር ሱልጣን አለን። ሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ የሐበሻ መነኮሳት ያድሩበት የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በፈረንጅ 1540ዎቹ መጨረሻ ያሳተሙት እዚያው ሮም ሆነው ነው። እነዚያ ሰዎች ቀስትም ስልክም አልነበራቸውም።

ከእስራኤል፦ ጫማና ሻንጣ ላይ ምን ትመክሪኛለሽ? እግሬ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ጉዞ የሚያሳጥረው ከሁሉም በላይ ይሄ ነው።

ጫማሽ ከወትሮው በአንድ ቁጥር ይብለጥ። ቀኑን ሙሉ ሲሄዱ እግር ያብጣል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጣት ከፊት ይመታና ጥፍር ይጠቁራል። አዲስ ጫማ ገዝተሽ በማግስቱ እንዳትነሺ፤ ቢያንስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቀድመሽ ሂጂበት። ካልሲው ሱፍ ይሁን፣ ጥጥ ላብ ይዞ ያፈላል። ጠዋት ቫዝሊን በጣቶችሽ መሃል ቀቢ። ከሁሉም በላይ፣ እግርሽ አንድ ቦታ ላይ ሲሞቅሽ ያኔውኑ ቁሚ። ጫማ አውልቂ፣ አናፍሺ፣ ፕላስተር ለጥፊ። "መንደሩ ጋ ስደርስ አየዋለሁ" ያለ ሰው መንደሩ ጋ ሲደርስ ቋጥሮ ያገኘዋል።

ሻንጣው ከክብደትሽ አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ። እኔ 62 ኪሎ ነኝ፤ ሻንጣዬ 9 ኪሎ ተኩል ነበር። ምን ነበረበት አትሉኝም? ጋቢ! እናቴ "ብርድ ነው" ብላ የላከችልኝን ጋቢ ፒሬኔን አሻግሬዋለሁ። ሎግሮኞ ስደርስ ከሌላ ትርፍ ዕቃ ጋር ሦስት ኪሎ ያህል በፖስታ ወደ ቤቴ መለስኩ፤ ግን ዘግይቼ ነበር። በማግስቱ ናሔራ ልደርስ ስል የቅልጥሜ ጅማት ተቆጣ፣ እግሬን መርገጥ አቃተኝ። ሐኪሙ "ሦስት ቀን ተኚ" አለኝ። በአውቶቡስ ወደ ቡርጎስ ሄድኩ፤ 90 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በመስኮት አየሁት። አለቀስኩ፣ ማጭበርበር መስሎኝ። ዛሬ ግን እነዚያን ሦስት ቀናት አመሰግናለሁ፤ ባልቆም ኖሮ አልደርስም ነበር። ወረቀቱንም አልከለከሉኝም፤ የመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር ሙሉ በእግሬ ነውና።

ከጋቢው ይልቅ የጠቀመኝ ነጠላዬ ነው። ፎጣ፣ የፀሐይ መከላከያ፣ የተደራራቢ አልጋ መጋረጃ፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ደግሞ ነጠላ።

ከዱባይ፦ ጾም ሲሆን ምን ትበያለሽ?

መስከረም የሄድኩት አንዱም ለዚህ ነው፤ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ከባድ ጾም የለበትም። በፍልሰታ የሚሄድ ይቸገራል፣ ሙቀቱም አለ። በቲማቲም የተቀባ ዳቦ፣ ሽምብራ፣ ፍራፍሬ ሁሉም ቦታ ይገኛል። ምስር ስታዪ አትቸኩዪ፣ ውስጡ የአሳማ ቋሊማ ሊኖር ይችላል። ሰላጣው ላይ ቱና ይጨምራሉ። "ሲን ካርኔ" (ያለ ሥጋ) ብትያቸው ካም የሚባለው የአሳማ ሥጋ፣ ሥጋ የማይመስላቸው አሉና "ሲን ሃሞን" (ያለ ካም) ጨምሪ። እኔ በሶ ይዤ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ፈረንጆቹ በውድ የገዙትን የኃይል ዱቄት ይመስላቸው ነበር። ከአውሮፓ ውጭ የምትመጡ፣ ቋንጣና ቅቤ የገባበት ነገር በጉምሩክ ክልክል ነው፤ ጭኮውን እቤት ብሉት።

ከሚኒሶታ፦ ወጪው?

በቀን ከ40 እስከ 50 ዩሮ ያዝ፣ ባትጨርሰው ደስ ይልሃል። አልቤርጌ የሚባለው የተጓዦች ማደሪያ፣ የሕዝብ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ዩሮ ነው፣ የግሉ ይጨምራል። ለመግባት በየደረስክበት ማኅተም የሚመታበት የተጓዥ መታወቂያ ደብተር መያዝ አለብህ፤ በመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር ላይ በቀን ሁለት ማኅተም። "በፈቃድ ክፈሉ" የሚሉ ማደሪያዎች አሉ። ነፃ ማለት አይደለም። ሙዳየ ምጽዋት ነው፤ ትናንት ያደረው ሰው የጣለው ዛሬ ያንተን እራት ይገዛል።

ከስቶክሆልም፦ ሴት ብቻዋን፣ ያውም ጥቁር። ፈርተሽ አታውቂም?

በመንገዱ ላይ ፈርቼ አላውቅም፤ ከፊትም ከኋላም ሰው አለ። ገና ሳይነጋ ከከተማ ስወጣ ግን ጓደኛ እጠብቅ ነበር። የአደጋ ስልኩ 112 ነው። ጥቁርነቴን በተመለከተ፣ አፍጥጦ ማየት አለ፣ በተለይ በትንንሽ መንደሮች። አንድ ቡና ቤት ውስጥ ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ተስተናግደው እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወጥቼ ሄድኩ። በሚቀጥለው መንደር ደግሞ አንዲት አሮጊት በለስ በእጄ አስያዙኝ። ፓስፖርትሽን ከሰውነትሽ አትለዪ፤ ሻወር ስትገቢም በላስቲክ ይዘሽው ግቢ።

ከአዲስ አበባ፦ 68 ዓመቴ ነው ልጄ። ለእኔም ይሆናል?

ይሆናል ጋሼ። ከእርስዎ የሚበልጡ ብዙ አይቻለሁ፣ ቀስ ብለው ከእኔ ቀድመው ይገቡ ነበር። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ካለዎት ለሙሉ ጊዜው በእጅ ሻንጣ ይያዙ፣ የሐኪም ወረቀቱም አይለይዎ። ሻንጣዎን ከከተማ ከተማ በጥቂት ዩሮ የሚያደርሱ አሉ፤ መጠቀም ነውር የለውም። ምርኩዝም ይያዙ።

ከሮም፦ እግሬ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ብቻዬን ከሐሳቤ ጋር መዋሌ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ብሆን ሙት ዓመቱን ሳላወጣ አልሄድም። ሐዘኑ ያልቃል ብዬ አይደለም፤ ዘመድ እየደወለ፣ ተዝካሩ እየታሰበሽ፣ ልብሽ እዚያ እግርሽ እዚህ ይሆናል። አውጪውና ሂጂ።

ከቡርጎስ እስከ ሊዮን ያለው ሜሴታ የሚሉት ሜዳ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ስንዴው ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል፤ ጥላ የለም። ካሪዮንን ካለፍሽ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር ያህል መንደር የሌለበት ቦታ አለ፣ ውሃ ሞልተሽ ውጪ። ሰው በአውቶቡስ የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ አትዝለይው የምለው ይህን ነው። እኛ አገር ለቅሶ የሚለቀሰው በሰው መሃል ነው፤ እዚያ ግን አንድ ቀን ሙሉ እያለቀስሽ ብትሄጂ "ምን ሆንሽ" የሚልሽ የለም። መጀመሪያ ይከብዳል፣ በኋላ ይቀላል። የደመራው ማታ ሊዮን ልገባ አንድ ቀን ቀርቶኝ ነበር። ማደሪያው ጓሮ ሻማ ለኩሼ ብቻዬን "እዮሃ አበባዬ" አልኩ። አንዲት ጣልያናዊት መጥታ ዝም ብላ አጠገቤ ቆመች።

ቁልቢ ስለት ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አይተሽ ይሆናል። በዚህም መንገድ ከራባናል መንደር በላይ ረጅም ምሰሶ ላይ የቆመ የብረት መስቀል አለ፤ ተጓዥ ከቤቱ ያመጣውን ድንጋይ ሥሩ ያኖራል። እኔ ከአባቴ ግቢ ያስመጣሁትን ጠጠር ይዤ ነበር። የደረስኩት መስከረም 21፣ በግሸን ማርያም ዕለት ነው። አስቤበት አልነበረም፤ እግሬ ባይታመም በሌላ ቀን ባለፍኩት ነበር። ጠጠሩን አኖርኩ። እናት ድንጋዩን እያስቀመጠች ልጇ ጀርባዋን ይደባብሳታል፣ ሌላው ፎቶ ይነሣል፣ ሌላው ሙዝ ይበላል። እንዲህ ነው።

ከዋሽንግተን፦ ስትደርሺስ ምን ተሰማሽ?

ምንም፣ ቢያንስ በዚያ ሰዓት። አደባባዩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ። ያ ካቴድራሉ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ ስምንት ሰው የሚያወዛውዘው ትልቁ ጽና በየቀኑ አይጠንም፤ እኔ በደረስኩበት ቀን ቆሞ ነበር። ከዚያ ለወረቀቱ ተሰለፍኩ። ስምን ወደ ላቲን ለውጠው ነው የሚጽፉት፤ ልጁ መዝገቡን አገላበጠ፣ የእኔን አቻ አጣለት። እንዳለ ጻፈው፣ ሁለት ፊደል አሳስቶ። አላረምኩትም።