ስማችሁን ታፔላ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

የንግድ ውል ማርቀቅና የንግድ ምልክት ማስመዝገብ እንጀራዬ ከሆነ ቆይቷል። አሁን አሁን ቢሮዬ የምትመጡት ብዙዎቻችሁ ድርጅታችሁን በራሳችሁ ስም መሰየም ትፈልጋላችሁ። ልብስ ዲዛይነሯ በስሟ፣ ሼፉ በስሙ፣ ፎቶ አንሺው በስሙ። አልቃወምም። ደንበኛ ሰው ያምናል። ግን ከባለሀብት ጋር ከመፈረማችሁ በፊት የአንድ እንግሊዛዊ ነገር ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቤንትሊን ታውቁታላችሁ። ዱባይ የሄደ ሁሉ ተደግፎት ፎቶ የሚነሳው መኪና ነው። መኪና ከመሆኑ በፊት የቤተሰብ ስም ነበር፤ ከዚያም በፊት የመንደር ስም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሻካራ ሣር የበቀለበት ገላጣ ቦታ እንደማለት ነው። ከእንዲህ ያለ መንደር የመጣ ሰው ቤንትሊ ተባለ፤ ልጁም የልጅ ልጁም በዚያው ቀጠሉ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ልጃቸውን ቤንትሊ የሚሉ ወላጆች አሉ። ሣሩን አስበው አይመስለኝም።

ዋልተር ኦወን ቤንትሊ በ1888 ለንደን ተወለደ። ሙያውን የተማረው ባቡር ሲጠገን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር ሠራ፤ በ1919 በስሙ የመኪና ኩባንያ አቋቋመ። መኪናው አንደኛ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ማን» በምትባል ከተማ በሚካሄደው የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር በ1924 አሸነፈ፤ ከ1927 እስከ 1930 ደግሞ አራት ዓመት በተከታታይ። ገንዘብ ግን ሁልጊዜ ያጥረው ነበር። በ1926 ዎልፍ ባርናቶ የሚባል የደቡብ አፍሪካ አልማዝ ሀብት ወራሽ ገንዘብ አስገባና ኩባንያውን ተቆጣጠረ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ራሱ መሪ ጨብጦ ከ1928 ጀምሮ ለ ማንን ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ከዚያ ወዲያ ግን ቤንትሊ በገዛ ስሙ ቤት ተቀጣሪ ሆነ።

ከዚያ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። ባርናቶ ገንዘብ ማፍሰሱን አቆመ፤ በ1931 ኩባንያው ለዕዳ ተያዘ። ናፒየር የሚባል ሞተር ሠሪ ሊገዛው ተስማማ፤ ቤንትሊም ወደዚያው ለመዛወር ተዘጋጀ። ነገሩ ሊያልቅ ሲል ፍርድ ቤት ማንም የማያውቀው አንድ የገንዘብ ድርጅት ብቅ አለ። ሁለቱም ዋጋቸውን በታሸገ ፖስታ አስገቡ፤ እንግዳው አሸነፈ። ከጀርባው የነበረው ማን መሰላችሁ? ዋናው ተፎካካሪ ሮልስ ሮይስ!

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሮልስ ሮይስ የገዛው ማሽንና ዕቃ ብቻ አልነበረም። ስሙንም ገዛ። የቤንትሊ የሥራ ውልም አብሮ ተላለፈ። ሰውየው እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ከንብረቱ ጋር ተቆጥሮ ተረከቡት። ለንደን ክሪክልውድ የነበረው ፋብሪካው ተዘጋ። በ1933 ቤንትሊ የሚል አርማ ያለው አዲስ መኪና ደርቢ ከሚገኘው የሮልስ ሮይስ ፋብሪካ ወጣ፤ ዲዛይኑ ግን የእሱ አልነበረም። በ1935 ውሉ ሲያልቅ ላጎንዳ ወደሚባል ኩባንያ ሄደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ላጎንዳ እሱ የመራውን አዲስ መኪና በስሙ ሊያስተዋውቅ ሲል ሮልስ ሮይስ ከሰሰ፣ ረታም። ሠሪው ቤንትሊ ነው፣ መታወቂያው ላይም ቤንትሊ ነው፤ መኪናው ግን ቤንትሊ መባል አይችልም። ሕጉ አልተሳሳተም። ስሙ ተሽጧል።

ስም ከፋብሪካ ተለይቶ እንደሚኖር ለማየት ደግሞ 1998ን ተመልከቱ። ቮልስዋገን ሮልስ ሮይስንና ቤንትሊን በ430 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። «ክሩ» በምትባል ከተማ የሚገኘውን ፋብሪካ አገኘ፤ የሮልስ ሮይስ መኪና አፍንጫ ላይ የምትቆመዋን ትንሽ ሐውልት ሳይቀር አገኘ። ሮልስ ሮይስ የሚለው ስም ግን የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው የሌላው ሮልስ ሮይስ ነበር። እነሱ ለቢኤምደብሊው በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጡት። ከ2003 ጀምሮ ሮልስ ሮይስ የቢኤምደብሊው ሆነ፤ ለቮልስዋገን ቤንትሊ ቀረለት። ጠበቃ የሚያስቀጥሩት እንዲህ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ወደ እናንተ ልመለስ። "ንግድ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ ስሙ የኔ ነው" ትሉኛላችሁ። ንግድ ስም፣ ማለትም ድርጅቱ የሚጠራበት፣ አንድ ነገር ነው፤ የንግድ ምልክት፣ ማለትም ዕቃችሁን ወይም አገልግሎታችሁን ከሌላው የሚለየው ስም ወይም አርማ፣ ሌላ። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ጥበቃው 7 ዓመት ነው፤ ሲያልቅ ይታደሳል። ማመልከቻው ላይ የምትጽፉት አመልካች ማን እንደሆነ ልብ በሉ። እናንተ ናችሁ ወይስ ከባለሀብቱ ጋር ያቋቋማችሁት የንግድ ማኅበር? ማኅበሩ ከሆነ፣ ድርሻችሁን ሸጣችሁ ስትወጡ ስማችሁ እዚያው ይቀራል። እኛ ጋ ደግሞ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። አባታችሁም አብረው ይቀራሉ።

ማስመዝገቡን በግላችሁ አድርጋችሁ ለማኅበሩ የመጠቀም ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ባለሀብቱ ላይስማማ ይችላል፤ ገንዘቡን ሲያፈስ ስሙን መያዝ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ያኔ ቢያንስ ዋጋ ይውጣለት። ከወጣችሁ በኋላ በራሳችሁ ስም መሥራት ትችሉ እንደሆነ፣ ለስንት ዓመትና በየትኛው ሥራ እንደምትከለከሉ፣ ማኅበሩ ቢከስር ስሙ ለማን እንደሚሄድ ውሉ ላይ ይጻፍ። "እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ ይሄ ምን ያስፈልጋል" የሚል አይጠፋም። ወንድማማች ከሆናችሁ መጻፉም አይከብድም።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ መመሥረቻ ጽሑፉን አውጡና ስለ ስም የሚለውን ፈልጉ። ከሌለ ማሻሻያ አዘጋጁ፤ ሥራው ደህና እየሄደ፣ ሸሪኮቻችሁም ፊታቸው ሳይጠቁር አሁኑኑ አስፈርሟቸው።