የምንጃሩ ጤፍ ስንት ብረት ነበረው?

በቅርቡ አንዲት የሥነ ምግብ ተማሪ «ጋሼ፣ ጤፍ እንዲህ ብረት ከሞላው እኛ ለምን ደም ያንሰናል?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱን ባጭሩ ልኬላታለሁ። ከላክሁት በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህንን ጥያቄ ድሮም ሰምቼዋለሁ። ያኔ የጠየቁኝ ሴት መልስ አላገኙም።

መጀመሪያ አጭሩን መልስ ለእናንተም ልድገመው። ጤፍ ላይ ከምንለካው ብረት ብዙው ከአፈር የመጣ ነው። አውድማው መሬት ነው፣ የሚያበራየው በሬ ነው፣ ፍሬው ደግሞ ደቃቅ ነው። አፈሩን ሙልጭ አድርጎ ማጠብ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አፈሩ ሲለቅ የጤፍ ብረት ከሌሎች እህሎች ብዙም እንደማይርቅ አሳይቷል። ቀይ ጤፍን የለኩ ጥናቶችን ሰብስባችሁ ብታዩ፣ በ100 ግራም ከ11.6 ሚሊግራም ተነስቶ ከ150 በላይ ይደርሳል። የእህል ልዩነት ብቻውን ይህን ያህል አያራርቅም። የአውድማ ልዩነት አለበት።

ከዚያ እህሉ ውስጥ ፋይቴት የሚባለው ነገር አለ። ብረቱን አንቆ ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። እርሾው ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረትም አይደለም። ወባ አለ፣ የአንጀት ትላትል አለ፣ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን እጥረት አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አግኝቷል። ያውም እንጀራ በሚበላበት አገር።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልሂድ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ገና ወጣት ነኝ፤ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራችን ለምግብ ይዘት ሰንጠረዥ፣ ማለት በየምግቡ ውስጥ ምን ያህል ንጥረ ነገር እንዳለ ለሚጻፍበት ዝርዝር፣ የሚሆን እህል መሰብሰብና መመርመር ነበር። በላንድሮቨር አድዓ፣ በቾ፣ ጎጃም እንዞራለን። በጥር ምንጃር ገባን። ከአረርቲ ወጣ ብሎ አንድ አውድማ ላይ ደረስን። በሬዎቹ ተፈትተዋል፤ ሰዎቹ በላይዳና በመንሽ ጭዱን ያነሳሉ። የቤቱ እመቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። መኪናውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ኮታ ነው እንዴ?» አሉ። ኮታ ገበሬው በግድ ለመንግሥት የሚሸጠው እህል ነው፤ ያን ጊዜ የመንግሥት መኪና እህል ፍለጋ ከመጣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። አይደለም፣ አንድ ጣሳ ብቻ ነው የምንፈልገው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ልናይ ነው አልናቸው። «ውስጡማ ጤፍ ነው» ብለው ሳቁ።

ትንሽ ቆይተው ግን ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ግድግዳ ጥግ የተቀመጠች ልጅ አሳዩኝ። ምራታቸው ናት። ከወለደች ወራት አልፏታል፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ሲያዞራት ይውላል አሉኝ። «ይህ ጤፍ ደም የሚሆን ነገር ይኑረው አይኑረው ንገሩኝ። ከሌለው ከወንድሜ ቤት አስመጣለሁ። የሱ መሬት መረሬ ነው፣ የኔ ቀይ አፈር ነው። የመሬቱ ነገር ይሆን እንዴ?»

እሺ፣ እንልክልዎታለን አልኳቸው። ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ከረጢቱ ላይ በትልልቁ ጻፍኩ። ጠላ ሰጡን። ምራታቸውን ጤና ጣቢያ ውሰዷት ማለታችንን አስታውሳለሁ። ጤና ጣቢያው ግን ሩቅ ነበር።

አዲስ አበባ ስንመለስ ናሙናዎቹ ሁሉ ተቀላቀሉ። ከየከረጢቱ እኩል እየተመዘነ አንድ ዕቃ ውስጥ ገባ። የዘመኑ ሥርዓት ይኸው ነበር። ለየብቻ ቢመረመሩስ አልኩ። አለቃችን «ሰንጠረዡ ላይ ለጤፍ ያለው አንድ መስመር ነው። ስንት ቁጥር ልታስገባበት ነው?» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለምርመራው የሚያስፈልገው አሲድ የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። እህሉን አመድ የምናደርግበት ምድጃ አንድ ነው፤ በ550 ዲግሪ ቀንና ሌሊት ይነዳል፣ ወረፋው አያልቅም። (በርበሬ የገባ ቀን ደግሞ ፎቁ በሙሉ እያስነጠሰ ይወጣ ነበር። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠብሱ ነው?» እያለች በነጠላዋ አፍንጫዋን ትይዛለች።) የተቀላቀለው ተቃጠለ፣ ተለካ፣ ቁጥሩ ተጻፈ። ከረጢቶቹ ተጣሉ።

በሌላ ዓመት በአረርቲ አለፍን። ሹፌሩ ሻይ እንጠጣ ብሎ አቆመ። ሴትዮዋ ቤት ለመድረስ ብዙ አይርቅም ነበር። ግን ሄጄ ምን ልበላቸው? እጄ ላይ ያለው የአድዓው፣ የጎጃሙና የእርሳቸው ጤፍ አማካይ ነው። የእርሳቸው የለም። ሻዬን ጠጥቼ መኪና ውስጥ ገባሁ። ምራታቸው ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ፣ እንዲሁም በማላዊ ከየማሳው እህልና አፈር ለየብቻ ተወስዶ ካልሲየም፣ ብረት፣ ዚንክና ሰሊኒየም ተለካ። መጠኑ ከቦታ ቦታ ብዙ ይለያያል። የራሱን እህል ለሚበላ የገጠር ቤተሰብ ከእህል የሚያገኘውን ንጥረ ነገር በመወሰን ረገድ የሚኖርበት ቦታ ከሁሉ በላይ ሊሆን ይችላል ይላል ጥናቱ። «የመሬቱ ነገር ይሆን እንዴ?» ማለት ይኸው ነው። ሳነበው ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም።

እናንተ ዛሬ ብዙ ማዕድን ባንዴ የሚያነብ ማሽን አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ግን ቲክቶክ ላይ ጤፍን «ሱፐር ፉድ» እያላችሁ ትውላላችሁ። ስልካችሁ የእንጀራን ካሎሪ ሲነግራችሁ ያ እንጀራ የየት አገር፣ በምን የተቀላቀለ እንደሆነ አትጠይቁም። ቁጥር ካያችሁ ታምናላችሁ። እኛ ቢያንስ እንጠራጠር ነበር ልል ስል፣ ጥያቄውን ያነሳችው ልጅ ትዝ አለችኝ። እኛ በሷ ዕድሜ አለቃ ፊት እንዲህ አንጠይቅም ነበር።

አማካይ ቁጥር ከንቱ ነው ብዬም አላስብም። ያለ ሰንጠረዥ የትምህርት ቤት ምገባ ማቀድ አይቻልም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የስንዴ ዱቄት በንጥረ ነገር እንዲበለጽግ መገደዱም የመጣው ከእንዲህ ያለ ስሌት ነው። ግን የፋብሪካ ዱቄት የሚገዛው ማነው? የራሱን ጤፍ ሰፈር ወፍጮ የሚያስፈጭ ሰው ከዚህ ምንም አይደርሰውም።

ስለ ቡና የጠየቃችሁኝም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ከሃምበርገር ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረቱን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰው አግኝቷል። ከምግብ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና አልጎዳም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ሆነ። ስለዚህ ደም ያነሰው ሰው ቡናውን ያስቀድም። እኔ ከምሳ በኋላ ነው የምጠጣው፤ በዚህ ዕድሜ የሚከለክለኝ የለም።

ቤተ ሙከራ ለምትገቡት አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ናሙና የሰጣችሁ ገበሬ ዛሬ ስልክ አለው። ቁጥሩን ያዙ። ውጤቱ ሲወጣ ደውሉ፣ በሚገባው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ንገሩት። የጥናት በጀት ስትጽፉ «የስልክ ካርድ» የሚል መስመር ጨምሩበት። ገምጋሚው ከሰረዘው መልሳችሁ ጻፉት።